ሰው አቁመን ፎቶ ስናነሳ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሰኔ ሲደርስ ካሜራ ያለው ተማሪ ሁሉ ሥራ ይበዛበታል። የዶርም ጓደኛ፣ የሰፈር ልጅ፣ የዘመድ ልጅ፣ ሁሉም የምርቃት ፎቶ ይፈልጋል። እኔም ሰው አቁሜ ማንሳት የጀመርኩት እንደዚያ ነው። ሁለተኛ ዓመት እያለሁ የተዋስኩትን ካኖን አንጠልጥዬ ሄድኩና የአክስቴን ልጅ የምርቃት ጋውን ለብሳ 300 ገደማ ፎቶ አነሳኋት። ማታ ሶፋ ላይ ተቀምጣ በላፕቶፕ አንድ በአንድ አየቻቸው። ስትጨርስ «ያምራሉ፤ ግን እኔን አይመስሉም» አለችኝ። አክስቴም አጠገቧ ሆና ስታይ ነበር። ምንም አላለችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ አንድ ፎቶ መጀመሪያ የምጠይቀው ሰውየውን ይመስላል ወይ ብዬ ነው። እዚህ የምጽፋቸውን ስህተቶች እኔ ራሴ ሠርቻቸዋለሁ፤ አሁን የማግዛቸው ጀማሪዎችም ይደጋግሟቸዋል።

ካሜራውን ስታዩ ሰውየውን መርሳት

ትልቁ ይሄ ነው። ተነሺው ቆሟል። እናንተ አንገታችሁን ደፍታችሁ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን የስሜት መጠን) ትቀይራላችሁ፣ አንድ ታነሳላችሁ፣ ስክሪኑን ታያላችሁ፣ ፊታችሁን ታኮሳትራላችሁ፣ እንደገና ትቀይራላችሁ። እናንተ ያኮሳተራችሁት በሴቲንጉ ነው፤ ተነሺው ግን በእሱ የመጣ ይመስለዋል። «አስቀያሚ ወጣሁ ማለት ነው» ይላል በሆዱ። ከዚያ ወዲያ ትከሻው ወደ ላይ ይወጣል፣ ከንፈሩን ግጥም ያደርጋል፣ እጁን የሚያስቀምጥበት ይጠፋዋል። አምስት ደቂቃ ሙሉ ዝም ስትሉት ቆይታችሁ «ዘና በል» ብትሉት ዋጋ የለውም፤ ዘና በል ስለተባለ ዘና ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።

ቀድማችሁ ሂዱ። ቦታውን ምረጡ፣ ጓደኛችሁን አቁማችሁ ወይም የራሳችሁን እጅ ብርሃኑ ውስጥ ዘርግታችሁ ሴቲንጉን ጨርሱ። ተነሺው ሲመጣ የሚቀራችሁ ወሬ ብቻ ይሁን። ስለ ፎቶ አታውሩ። ስለ መጨረሻው ፈተና፣ ስለ ካፌው ወጥ፣ ከምርቃት በኋላ መጀመሪያ ስለሚሄድበት ቦታ ጠይቁት። እየመለሰላችሁ እያለ አንሱት።

«ፈገግ በል» ማለት

ታዝዞ የመጣ ፈገግታ ጥርስ ላይ ይቀራል፤ ዓይን ድረስ አይደርስም። ዩሱፍ ካርሽ የሚባል ካናዳ የኖረ አርመናዊ ፎቶ አንሺ ነበር። በአውሮፓውያኑ 1941 መጨረሻ ኦታዋ ላይ የእንግሊዙን ጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችልን እንዲያነሳ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ተሰጠው። ቸርችል ሲጋሩን ከአፉ አላወጣም አለ። ካርሽ ጠጋ ብሎ ይቅርታ ጠየቀና ሲጋሩን ከአፉ ወሰደበት፣ ተመልሶም ፎቶውን አነሳ። ያ የተቆጣ ፊት ዛሬ የእንግሊዝ 5 ፓውንድ ላይ አለ። እንደዚያ አድርጉ ማለቴ አይደለም። ፊት ላይ የሚወጣ ስሜት ግን ምክንያት ይፈልጋል፤ ምክንያቱን ማምጣት ደግሞ የእናንተ ሥራ ነው። የእናቱን ስም ጥሩለት፣ ዶርም ውስጥ የሆነውን አስታውሱት።

ደግሞ ሁሉም ሰው ፈገግ ማለት የለበትም። አያቴ ፎቶ ልትነሳ ስትል መጀመሪያ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ከዚያ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ታደርጋለች፣ ፊቷም እርግት ይላል። ለብዙ ጊዜ «ደርቃ ወጣች» እያልኩ ፎቶውን እጥለው ነበር። አንድ ቀን የድሮ አልበሟን ሳገላብጥ ፎቶ ቤት ገብተው የተነሱት የእሷ ዘመን ሰዎች በሙሉ ልክ እንደዚያ ተቀምጠው አየሁ። ለእነሱ ፎቶ መነሳት ለብሶና አጊጦ የሚኬድበት ጉዳይ ነበር፤ ፊታቸውንም እንደ ልብሳቸው አክብረው ነው ያቀረቡት። እና እንዲህ ያለ ሰው ስታነሱ «እማማ፣ ትንሽ ቀና ይበሉልኝ» በሉና ያንን ግርማ አጉልታችሁ አውጡት። በግድ አታስቁ።

የቀትር ፀሐይ

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ላይ ናት። ከመጋቢት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ አናታችን ላይ ናት ማለት ይቻላል። እዚያ ብርሃን ውስጥ ያቆማችሁት ሰው ዓይኑ ጉድጓድ ይሆናል፣ የአፍንጫው ጥላ ከንፈሩ ላይ ይወርዳል፣ የምርቃት ቆብ ካደረገ ደግሞ ግማሽ ፊቱ ይጠፋል። ፕሮግራሙ የሚያልቀው ግን ብዙ ጊዜ በዚያው ሰዓት አካባቢ ነው፤ ሁሉም ሰው ሜዳው ላይ ወጥቶ ዓይኑን እያጨናበሰ ይነሳል።

ከቻላችሁ ጠዋት እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ቅጠሩ። ካልቻላችሁ ጥላ ፈልጉ፤ ሁሉም ጥላ ግን አንድ አይደለም። ባሕር ዛፍ ሥር ብታቆሙት በቅጠሉ መሃል የሾለከው ፀሐይ ፊቱ ላይ ነጠብጣብ ይሠራል። ጥሩው የሕንፃ ጥላ ነው፤ ተነሺው ጥላው ጫፍ ላይ ቆሞ ፊቱን ክፍት ወደሆነው ሰማይ ያዙር። በረንዳም ይሆናል፣ የበር አፍም ይሆናል። አረንጓዴ ሣር ላይ ስታቆሙ ተጠንቀቁ፣ ብርሃኑ ከሣሩ ነጥሮ አገጭ ሥርና ነጭ ልብስ ላይ አረንጓዴ ቀለም ይጥላል። ከፍሬሙ (ፎቶው ውስጥ ከሚገባው ቦታ) ውጭ ነጭ አንሶላ መሬት ላይ ብታነጥፉ ያ ቀለም ይቀንሳል፣ የዓይን ሥር ጥላንም ያነሳል።

ክረምት ገባ ብላችሁ ደግሞ አትዘኑ። የሰኔና የሐምሌ ዳመና ሰማዩን በሙሉ አንድ ትልቅ ለስላሳ መብራት ያደርገዋል። እኔ ከምወዳቸው ፎቶዎች አብዛኞቹ ዝናብ ሊመጣ ሲል የተነሱ ናቸው።

ብርሃን ማንበብ ለመልመድ አንድ ነገር ሞክሩ። እጃችሁን ጨብጡና ፊት ለፊታችሁ ይዛችሁ ባላችሁበት ቀስ ብላችሁ ዙሩ። የጣቶቻችሁ ጥላ የት ጋ እንደሚከብድ፣ የት ጋ እንደሚሳሳ ታያላችሁ። የሳሳበት አቅጣጫ ተነሺው ፊቱን የሚያዞርበት ነው። ቤት ውስጥ ከሆናችሁ መስኮት በቂ ነው። ሰውየውን ከመስኮቱ አንድ ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ በጎን አስቀምጡት፣ በሌላው ጎኑ ነጭ ካርቶን አቁሙ፣ አምፖሉን አጥፉ። አምፖሉ ከበራ ግማሽ ፊቱ ቢጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ ይወጣል፤ ያንን በኋላ ማስተካከል ራስ ምታት ነው። ዓይኑ ውስጥ የመስኮቱ ነጸብራቅ ከታያችሁ ቦታው ልክ ነው።

ነጭ ቀሚስና ጥቁር ጋውን

የካሜራው ብርሃን መለኪያ ከፊቱ ያለው ነገር መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ያስባል። ፍሬሙን የሀበሻ ቀሚስ ከሞላው «ይሄ በጣም ነጭ ነው» ብሎ ያጨልመዋል፤ ቀሚሱ ግራጫ ይሆናል፣ የልጅቷ ጠይም ፊት ደግሞ ጭራሽ ይጠቁራል። ጥቁር ጋውን ሲሆን ተቃራኒው ነው፣ ካሜራው ያበራዋል፣ ግንባሯና ጉንጯ ላይ ያለው ብርሃን ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። የምትለኩት ልብሱን ሳይሆን ፊቱን ይሁን። ስፖት ሚተሪንግ (ብርሃንን አንድ ነጥብ ላይ ብቻ የሚለካ አማራጭ) ካላችሁ ጉንጩ ላይ ለኩ። በስልክ ከሆነም ፊቱ ላይ ነካ አድርጉና ብርሃኑን በጣት አስተካክሉ። ካሜራው ፍሬሙን በሙሉ የሚለካ ከሆነ ደግሞ ለነጭ ልብስ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን ብርሃን) ከግማሽ እስከ አንድ ስቶፕ (የብርሃን እርከን) ከፍ፣ ለጥቁሩ ያንኑ ያህል ዝቅ ብታደርጉ ጥሩ መነሻ ነው።

በጣም መጠጋት

ከካሜራው ጋር የመጣውን 18-55 ሚሊሜትር ሌንስ 18 ላይ፣ ሰፊ በሚያሳየው ጫፍ፣ አድርጎ ግማሽ ሜትር ድረስ መጠጋት። አፍንጫ ያብጣል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። የአክስቴ ልጅ «እኔን አይመስሉም» ያለቻቸው ብዙዎቹ እንደዚህ የተነሱ ነበሩ፤ ያኔ አልገባኝም ነበር። ፊትን የሚያጣምመው የርቀቱ ማነስ ነው። ሌንሱን 55 ላይ አድርጉና ሁለት ሜትር ያህል ራቁ። 50 ሚሊሜትር ሌንስ ካላችሁማ ተማሪ በሚይዛቸው አብዛኞቹ ካሜራዎች ላይ ከ75 እስከ 80 ሚሊሜትር ያህል ሆኖ ነው የሚያየው፤ ለፊት ከዚህ የተሻለ ርካሽ ነገር አላውቅም።

አፐርቸሩን እስከ ጥግ መክፈት

አፐርቸር ሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። 1.8 የሚከፍት ሌንስ ያገኘ ሰው 1.8 ላይ ይተክለዋል። ኋላው ሲደበዝዝ ደስ ይላል፣ ይገባኛል። ግን በ50 ሚሊሜትር፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ላይ፣ በ1.8 ጥርት ብሎ የሚወጣው 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሰውየው ፊቱን ትንሽ ቢያዞር አንዱ ዓይን ጥርት፣ ሌላው ድብዝዝ ይላል። 2.8 ወይም 4 ላይ አድርጉት። ፎከሱን ካሜራው እንዲመርጥ አትተዉት፤ ለእናንተ ቅርብ የሆነው ዓይን ላይ ራሳችሁ አድርጉ። የሹተሩ (የካሜራው መዝጊያ) ፍጥነት ከ1/125 ሰከንድ አይውረድ፣ ሰው ሲያወራ ይንቀሳቀሳል።

ሰውነቱን እንደ ሐውልት ማቆም

ፊት ለፊት፣ እኩል ቆሞ፣ እጁን አውርዶ። መታወቂያ ይመስላል። አቋቋም ከእግር ይጀምራል። ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ ያድርግ፣ የኋላው ቢሆን ይሻላል፤ ያኔ ዳሌም ትከሻም ራሱ ይለሰልሳል። ሰውነቱን ከካሜራው ትንሽ ያዙር፣ ፊቱን ብቻ ይመልስ። አገጩን ወደ ፊት ገፋ፣ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ያድርግ። ለተነሺው ይሄ አጉል ስሜት ይሰጠዋል፤ በፎቶ ሲታይ ግን የመንጋጋው መስመር ጥርት ይላል።

ይሄን ሁሉ በቃል አታስረዱ። «ግራ ትከሻህን ወደ ቀኝ…» ስትሉት ሰው ይደናገራል። ፊት ለፊቱ ቁሙና ራሳችሁ አድርጋችሁ አሳዩት፣ እንደ መስታወት ይከተላችኋል። ነጠላ ለማስተካከል ወይም ፀጉር ለማንሳት ደግሞ ዘላችሁ አትንኩ። «ላስተካክልልሽ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እናቷ ወይም ጓደኛዋ አጠገብ ካለች እሷ ታስተካክል።

እጅ ሥራ ይፈልጋል። የነጠላውን ጥለት ይያዝ፣ ቆቡን ይያዝ፣ አውራ ጣቱን ውጭ ትቶ እጁን ኪስ ይክተት። የእጅ ጀርባ ሙሉ በሙሉ ወደ ካሜራው ሲዞር ትልቅ ሆኖ ይታያል፤ በትንሿ ጣት በኩል ያለውን ጎን አሳዩ። በክንዱና በወገቡ መካከል ትንሽ ክፍተት ይኑር። ፎቶውን ስትቆርጡ ደግሞ መገጣጠሚያ ላይ አትቁረጡ፤ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚትና የእጅ አንጓ ላይ የተቆረጠ ሰው አካሉ የጎደለ ይመስላል።

የእናንተም ቁመት ለውጥ ያመጣል። ለፊት ብቻ ከሆነ ካሜራው ዓይኑ ጋ፣ ሙሉ ቁመት ከሆነ ወገቡ ጋ ይሁን። ረጅም ከሆናችሁ ጉልበታችሁን እጠፉ።

ኋላውን አለማየት

ከጭንቅላቱ ላይ የበቀለ የመብራት ምሰሶ፣ ከጆሮው የወጣ የመኪና መስታወት። ከማንሳታችሁ በፊት ዓይናችሁን በፍሬሙ አራት ጠርዝ አዙሩ፣ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብዙውን ጊዜ ይበቃል። የኢትዮጵያዊቷን ፎቶ አንሺ የአይዳ ሙሉነህን ሥራዎች ተመልከቱ፤ ቀለም ከቀለም ጋር ታስቦበት እንዴት እንደሚቀመጥ ታያላችሁ። አንድ ባለ አንድ ቀለም ግድግዳ ከአሥር የአበባ አጥር ይሻላል።

ቆዳ ማንጣት

ይሄኛው ያንገበግበኛል። ፎቶው ላይትሩም (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) ውስጥ ይገባና ፊቱ ሁለት ደረጃ ነጥቶ፣ እንደ ፕላስቲክ ልስልስ ብሎ ይወጣል። አንገቱ ጠይም፣ ፊቱ ሌላ ሰው። ድሮ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም መለኪያ ካርድ ነበር፤ ሸርሊ ካርድ ይሉታል። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ነበረች፣ ቀለሙ የሚስተካከለው በእሷ ቆዳ ነበር፣ በዚህ የተነሳ ጠቆር ያለ ሰው ለብዙ ዓመታት ዝርዝሩ ጠፍቶ ይታተም ነበር። ዛሬ ካሜራው የእኛን ቆዳ በደንብ ያያል። በገዛ እጃችን ስናጠፋው ማየት ያማል። ብጉር አጥፉ፣ በሳምንት ይድናል። ጠባሳ፣ ንቅሳት፣ ማርያም የሳመችው ምልክት ግን የሰውየው ነው፤ ሳትጠይቁ አትንኩ። አርትዖት ስትጨርሱ ፎቶውን በስልክ ላይ ከተነሺው አጠገብ ይዛችሁ አወዳድሩ።

«በቃ ጨርሰናል» ብሎ ካሜራ መክተት

«ጨርሰናል» ስትሉ ተነሺው ትንፋሹን ይለቃል፣ ትከሻው ይወርዳል፣ ፊቱ የራሱ ይሆናል። የአክስቴ ልጅ ያን ቀን ጨርሰናል ስላት ቆቧን አውልቃ ፊቷን አራገበችበት፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ በባዶ እግሯ በሣሩ ላይ ወደ እናቷ ሄደች። አክስቴ ነጠላዋን ዘርግታ ጠበቀቻት። እኔ ሌንሱን ከድኜ፣ የቦርሳውን ዚፕ እየዘጋሁ ነበር።