አቦ፣ ስልኩን አትቀሙት፦ ወላጆች የምንሠራቸው ስህተቶች

ከሰዓት ላይ ድሬን ታውቋታላችሁ። ፀሐዩ አያስወጣም። ሱቁ ይዘጋል፣ አዋቂው ጋደም ይላል ወይም ይቅማል። ልጆቹ ብቻ አይተኙም፤ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ይውላሉ። እኛም «እቤት ናቸው» ብለን ዓይናችንን እንከድናለን። ልጆቻችንን በስልክ ከሚያጠምዱ ሰዎች ስንጠብቅ የምንሠራው የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። የ1998ቱን የደቻቱ ጎርፍ ያየ ወላጅ ሰማዩ ሲጠቁር ልጁን ይጣራል፤ በስልኩ ማን እንደገባ ግን አይጠይቅም።

ሁለተኛውን እኔው ራሴ ሠርቼዋለሁ። ለልጄ ስልክ ስገዛ ቲክቶኩንም ቴሌግራሙንም የከፈተለት ሞባይል ቤት ያለ ጎረምሳ ነው። የትውልድ ዓመት ሲጠየቅ በጣቱ አንዴ ገፋ አድርጎ የቆመበትን መረጠ። የ13 ዓመቱ ልጄ በደቂቃ ውስጥ የ32 ዓመት ሰው ሆኖ ወጣ። ቀላል ነገር ይመስላል። ቲክቶክ ግን ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አካውንቱን ከመነሻው ዝግ ያደርገዋል፤ የግል መልእክትም አያስልከውም። ዕድሜው ከተዋሸ ይህ ሁሉ የለም። የይለፍ ቃሉንም ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ያውቀዋል። ነገሩ ሲገባኝ አካውንቱን አጥፍተን በእውነተኛው ዕድሜ አዲስ ከፈትን። ለጠፉት ተከታዮቹ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስልክ ቁጥሩን ማንም እንዳያየው፣ ግሩፕ ውስጥም የሚያውቃቸው ሰዎች ብቻ እንዲያስገቡት አድርጉ።

ሦስተኛው፣ አጥቂውን ጢማም ፈረንጅ አድርጎ ማሰብ ነው። ብዙ ጊዜ እኩያ መስሎ ነው የሚመጣው። ፍሪ ፋየር የሚባለውን የስልክ ጌም አብሮ ይጫወታል፣ «አቦ ጎበዝ ነህ» ይላል፣ ዳይመንድ (የጌሙን ገንዘብ) ይሰጣል። ቀጥሎ የ50 ብር ካርድ። ከዚያ «እዚህ አይመችም፣ ቴሌግራም ላይ እናውራ»። ከዚያ «ለማንም እንዳትናገር»። ከዚያ ፎቶ። አንዳንዴም ጭራሽ ሩቅ ሰው አይደለም፤ ዘመድ ወይም አስጠኚ ይሆናል። ለሴት ልጅ ብቻ መጨነቅም ያው ስህተት ነው። ራቁት ፎቶ አስልከው «ገንዘብ አምጣ» የሚሉት ወንበዴዎች በዓለም ዙሪያ በብዛት የሚያጠምዱት ወንድ ታዳጊዎችን ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ልጁ ጨንቆት ሲናገር ስልኩን መቀማት፣ መምታት፣ «አዋረድከን» ማለት። አስፈራሪው «ለአባትሽ እልከዋለሁ» ብሎ ሲጽፍ በምን ተማምኖ ይመስላችኋል? በእኛ ቁጣ ነው። ስለዚህ ገና ምንም ሳይመጣ «ምንም ልከህ ቢሆን መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ፤ አልመታህም፣ ስልክህንም አልወስድም» በሉት። ያላችሁትንም ጠብቁ። እኔ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ፤ አፍ ላይ ይከብዳል። በአራተኛው፣ ከሳቢያን ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ሳንተያይ ወጣልኝ። «እሺ» አለኝ፣ ከስልኩ ቀና ሳይል።

ከድንጋጤ የሚሠራም ስህተት አለ። በቴሌብር ከፍሎ ለመገላገል መሞከር፤ አንዴ የከፈለ ደጋግሞ ይጠየቃል። ወይም በንዴት ቻቱን ሁሉ ማጥፋት፤ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። የአካውንቱን ስም፣ ቁጥሩን፣ ዛቻውን ስክሪንሾት አንሱና ብሎክ አድርጉት። የልጁን ምስል ግን «ጉዳችንን እይ» ብላችሁ ለአጎትም ለአክስትም እንዳትልኩ። ስልኩን እንዳለ ይዛችሁ ፖሊስ ጋ ሂዱ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 12 የልጆችን ወሲባዊ ምስል ማሰራጨትንም፣ ልጅን በመልእክት ለወሲብ ማባበልንም ወንጀል አድርጎታል። ቴክ ኢት ዳውን (Take It Down) የሚባል ነፃ አገልግሎትም አለ። ምስሉ ከስልኩ ሳይወጣ ዲጂታል አሻራውን፣ ማለትም ምስሉን የሚለይ ኮድ ብቻ ይወስዳል፤ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክም በዚያ አሻራ ምስሉን ለይተው ያነሱታል።

በዩኒፎርም ያለች ልጅን ፎቶ ከነትምህርት ቤቷ ስም መለጠፍም ይቅርብን። እሱ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የመጨረሻው ግን ከባድ ነው፣ በተለይ ሁሉም በሚተዋወቅበት በእኛ ሰፈር። ሰውየው ጎረቤት ሆኖ ሲገኝ «ስም ከሚጠፋ በሽምግልና እንጨርሰው» ይባላል። ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ይቅርታ ይጠየቃል፣ ይመረቃል። ሰውየው ስልኩን ኪሱ ከቶ ይወጣል። ስልኩ ውስጥ የሌላ ልጅ ምስል ይኑር አይኑር የጠየቀ ሽማግሌ እስካሁን አላየሁም።