በቀዶ ጥገና መድኃኒት ኩላሊት ሲጎዳ ካሳ እንዴት ይጠየቃል?

ጋሼ ቀዶ ጥገና ክፍል እንደገቡ ነርሷ ወረቀት ይዛ ወጣች። «ይሄን ቶሎ ገዝተህ ና» አለችኝ። ሮጬ ከውጭ ፋርማሲ ገዛሁ፣ ብልቃጦቹን አስረከብኩ፣ ካርቶኑን በር ላይ ያለው ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። በአራተኛው ቀን ሽንታቸው ቀነሰ፣ ቀጥሎ «እጥበት ያስፈልጋቸዋል» ተባልን። በኋላ ጠበቃ ዘንድ ስንሄድ መጀመሪያ የጠየቀን «ካርቶኑስ?» ብሎ ነው። ጥፋቱ የመድኃኒቱ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ስለዚህ ከካርቶኑ እንጀምር። ከውጭ የገዛችሁትን መድኃኒት ከማስረከባችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት። ስሙ፣ አምራቹ፣ የባች ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን ይታይ። ደረሰኙም አይጥፋ።

ቀጥሎ ካርድ ክፍል። የሕክምና መዝገቡን ቅጂ በጽሑፍ ጠይቁ፣ የማመልከቻችሁን ኮፒም «ገቢ» አስብላችሁ ያዙ። በቃል ከጠየቃችሁ «ነገ ተመለሱ» ነው መልሱ። ዋናው የምትፈልጉት ከቀዶ ጥገናው በፊትና በኋላ የተለካው ክሪያቲኒን ነው፣ ኩላሊት እንዴት እየሠራ እንደሆነ የሚያሳይ የደም ምርመራ። በ48 ሰዓት ውስጥ በ0.3 ሚሊግራም በዴሲሊትር ከጨመረ፣ ወይም በሳምንት ውስጥ ከነበረበት አንድ ተኩል እጥፍ ከደረሰ ሐኪሞች ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ይሉታል። የበፊቱ ቁጥር ከሌለ ግን «ድሮም ታማሚ ነበሩ» ቢሏችሁ መልስ የላችሁም። የማደንዘዣ ባለሙያው የሞላውን ቅጽም አትርሱ፣ የትኛው መድኃኒት በስንት ሰዓት፣ ስንት እንደተሰጠና የደም ግፊቱ የት እንደወረደ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ ለምግብና መድኃኒት ባለስልጣን አሳውቁ። ነጻ የስልክ መስመሩ 8482 ነው። ካሳ አይሰጧችሁም፣ ግን ጥቆማችሁ ቀን ያለው መዝገብ ይሆናል።

አሁን ከባዱ ነገር። መድኃኒቱ ከገበያ ተሰብስቧል ማለት እናንተን የጎዳችሁ እሱ ነው ማለት አይደለም። የጀርመኑን መድኃኒት አምራች የባየርን ትራሲሎል እንውሰድ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በልብ ቀዶ ጥገና ጊዜ ደም በብዛት እንዳይፈስ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፣ አሜሪካ በ1993 ፈቀደችው። በ2006 የወጣ፣ 4374 ታካሚዎችን ያየ ጥናት ለእጥበት የሚዳርግ የኩላሊት ጉዳትን በእጥፍ እንደሚጨምር አሳየ። በዚያው ዓመት ኩባንያው የአሜሪካ ተቆጣጣሪ በጠራቸው አማካሪ ባለሙያዎች ፊት ሲቀርብ፣ ራሱ ከፍሎ ያሠራው ሌላ ጥናት እያለ ትንፍሽ አላለም። ሽያጩ ኅዳር 2007 ቆመ፣ በቀጣዩ ዓመት ክሶቹ ፍሎሪዳ በሚገኝ አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ተሰባሰቡ። ሆኖም የአውሮፓ ተቆጣጣሪ በ2012 ለተወሰኑ ታካሚዎች እገዳው ይነሳ አለ። አያችሁ? አንዱ ያገደውን ሌላው ይመልሰዋል፣ ስለዚህ የእናንተ ክስ የሚቆመው በእናንተ ካርድ ነው። ክሳችሁን ከማዘጋጀታችሁ በፊት የኩላሊት ስፔሻሊስት አይቶ በጽሑፍ ይናገር፦ የደም መፍሰስ ነው? ስኳር ነው? ኢንፌክሽን ነው? ጄንታማይሲን የሚባለው የኢንፌክሽን መድኃኒት ወይስ ዳይክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ? ተከሳሹ እነዚህን አንድ በአንድ ማንሳቱ አይቀርም።

ሕጉስ? በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2085 መሠረት ለትርፍ ዕቃ አምርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ፣ ዕቃው በተለመደው መንገድ ሲሠራበት ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ከአምራቹ ጋር ውል ስለሌላችሁ ግን ይርጋው፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ አጭር ነው፣ በቁጥር 2143 ሁለት ዓመት። የምትቆጥሩት ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ነው እንጂ ከተናደዳችሁበት ቀን አይደለም። ከሆስፒታሉ ጋር የሕክምና ውል አለ ብሎ ረዘም ባለው ይርጋ መከራከር ይቻላል፣ ያንን ለጠበቃው ተዉለት። የሆስፒታል ወረቀት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚጻፈው፣ እናንተ በኛ ስትቆጥሩ እንዳትሳሳቱ።

እንደኛ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ለገጣፎ ለምትኖሩ ደግሞ አንድ ነገር። ሆስፒታሉ አዲስ አበባ ከሆነ ክሱም እዚያው ነው፣ ጉዳቱ በደረሰበት ወይም ተከሳሹ ባለበት ቦታ። የዳኝነት ክፍያ ካቃታችሁ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል። የድህነት ማረጋገጫውን ከሸገር ከተማ ስታወጡ በአፋን ኦሮሞ ነው የሚሰጣችሁ፣ የፌዴራል ፍርድ ቤት ደግሞ በአማርኛ ስለሚሠራ አስተርጉማችሁ ሂዱ። እኛ ይህን ሳናውቅ አንድ ቀጠሮ በከንቱ አለፈብን።

ወጪውን ከዛሬ ጀምሮ መዝግቡ። ጋሼ በሳምንት ሁለቴ ለእጥበት ይመላለሳሉ፣ ደረሰኞቹን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያጠራቅማሉ። ታክሲ ደረሰኝ ስለማይሰጥ ረዳቱን ሒሳብ ጠይቀው እዚያው ወንበር ላይ በሰማያዊ ደብተራቸው ቀኑንና ብሩን ይጽፋሉ።