ሰርግ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታነሱ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥምቀት ሲያልፍ ስልክ መደወል ይጀምራል። «አንተ ካሜራ አለህ አይደል? የእህቴን ሰርግ አንተ ታነሳልናለህ፤ ባለሙያ ለመቅጠር አቅም የለንም» ይላል የሰፈር ልጅ ወይም የአክስት ልጅ። እስከዚያች ቀን ያነሳችሁት የልደት ኬክ፣ የጓደኛ ምረቃ፣ የታቦት ሽኝት ነው። የእኔም የመጀመሪያ ሰርግ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። አንድ ካሜራ፣ አብሮት የተገዛው 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ አንድ ባትሪ ይዤ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰርግ አንስቻለሁ፤ ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ ግን ያ የመጀመሪያው ነው።

እዚህ ከምጽፋቸው ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ፤ የቀሩትን አብረውኝ የሠሩ ጀማሪዎች ሲሠሯቸው አይቻለሁ። ከካሜራ አጠቃቀም የሚመጡት ጥቂት ናቸው። የሚበዙት የሰርጉን አካሄድ ካለማወቅ የሚመጡ ናቸው።

ብቻችሁን መቀበል

ለዘመድ እምቢ ማለት ይከብዳል፤ ይሉኝታ አለ። ቢሆንም «ሰርግ አንስቼ አላውቅም» ሳትሉ እሺ አትበሉ። ቤተሰቡ ባለሙያ መቅጠር ከቻለ እሱ ዋናውን ያንሳ፤ እናንተ ከጎን ሆናችሁ የእንግዳውን ሳቅ፣ የልጆቹን ሩጫ፣ የጓዳውን ሽር ጉድ አንሱ። ካልቻለ ደግሞ ሌላ ካሜራ ያለው ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ። ሁለታችሁም ሙሽራዋ ላይ አትረባረቡ፤ አንዱ ሙሽሮቹን ሲይዝ ሌላው ወላጆቹን ይያዝ። የካሜራዎቻችሁን ሰዓት ጠዋት ላይ እስከ ደቂቃው አስተካክሉ፤ አለዚያ በኋላ ፎቶዎቹን በቅደም ተከተል ማቀናጀት ፈተና ይሆናል።

በነጻም ቢሆን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሰርጉን ብቻ ነው ወይስ መልሱንም? ስንት ፎቶ ይረከባሉ፣ በስንት ቀን? አልበም የሚያሳትመው ማነው? ከዘመድ ጋር ውል መጻፍ ካሳፈራችሁ በቴሌግራም የተላከች አጭር መልእክት ትበቃለች።

ከሙሽራው አጀብ ጋር መጓዝ

ጀማሪ ሁሉ የሚሠራት ስህተት ናት። ሙሽራው ከቤቱ ሲወጣ ያነሳል፤ ከዚያ ከሰልፉ መጨረሻ አንዱ መኪና ውስጥ ይገባል። የሙሽራዋ ቤት ሲደርሱ የሰልፉ ጭራ ገና አስፋልት ላይ ነው። ከመኪናው ወርዶ እየሮጠ ሲደርስ የሚያየው የሚዜዎችን ጀርባ ብቻ ይሆናል።

የሙሽራዋ እህቶችና ጓደኞች አናስገባም ብለው በሩን ይዘው የሚዘፍኑት ከውስጥ ነው። ፊታቸው የሚታየውም፣ ሙሽራው ከሰው ትከሻ በላይ አንገቱን አስግጎ ሲፈልግ የሚታየውም ከውስጥ ነው። ስለዚህ ሙሽራው ከቤቱ እንደወጣ ሁለት ሦስት ፎቶ አንስታችሁ አጀቡን ቀድማችሁ ሂዱ። ከተማውን አቋርጦ የሚሄድ አጀብ መንገድ ላይ እየጨፈረ ስለሚቆይ ጊዜ ታገኛላችሁ። ከበሩ ፊት ለፊት ወንበር ወይም ደረጃ ፈልጉና ከፍ ብላችሁ ጠብቁ።

በሩ ሲከፈት አንደኛ ሚዜው ሽቶ እየረጨ ይገባል። በሁለተኛው ሰርጌ ያ ሽቶ ሌንሴ ላይ አረፈ። አላየሁትም። ከዚያ በኋላ ባነሳሁት ፎቶ ሁሉ ላይ፣ መብራት ባለበት ቦታ፣ እንደ ጉም የደበዘዘ ነጠብጣብ አለ። ንጹሕ የሌንስ ጨርቅ ከኪሳችሁ አይጥፋ፤ ሽቶው እንዳለፈም ወዲያው ጥረጉ።

ስክሪን ላይ ማፍጠጥ

ሙሽሮቹ ከሙሽራዋ ቤት ሊወጡ ሲሉ የወላጆችን ጉልበት ይስማሉ። በመጀመሪያው ሰርጌ ሳሎኑ በሰው ተጨናንቋል፤ እኔ ከሶፋው ጥግ ቆሜ ትንሽ ቀደም ብዬ ያነሳሁት ፎቶ ጥርት ማለቱን ለማየት ስክሪኑን አጉልቼ እመለከት ነበር። ዘፈኑ ድንገት ቀነሰ። ቀና ስል ሙሽራዋ ተንበርክካለች። የአባቷ ሁለት እጅ ራሷ ላይ ነው፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ እየመረቁ ነው። ካሜራውን ወደ ዓይኔ አነሳሁ። ፎከሱ ፊቴ የቆመው ሚዜ ትከሻ ላይ አረፈ። እሱን ሳስተካክል ሙሽራዋ ተነስታ እንባዋን እየጠረገች ነበር።

«አባባ፣ እባክዎ አንዴ ይድገሙልኝ» አልኳቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ ደገሙልኝ። ፎቶው አልበሙ ውስጥ አለ። እጃቸው ራሷ ላይ ነው፣ ዓይናቸው ግን ካሜራው ላይ ነው፤ ፈገግ ብለዋል። ልጃቸውን ሲመርቁ የነበሩት ሰው ፎቶው ውስጥ የሉም።

ፎቶ በተነሳ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ብቅ እንዲል የሚያደርገውን ቅንብር አጥፉት። ስክሪን የሚታየው ብርሃን ሲቀየር ነው፤ ከደጅ ወደ ቤት ስትገቡ ሁለት ፎቶ ሞክራችሁ አይታችሁ በቃ። ፎከሱንም ካሜራው በገዛ ፈቃዱ እንዲመርጥ አትተዉት፤ አንድ ነጥብ ብቻ አድርጉና ዓይን ላይ አሳርፉት። ከሁሉ በፊት ግን ወላጆቹ የት እንደሚቀመጡ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ በዚያ ወንበር ጎን በርከክ ብላችሁ ጠብቁ፤ ሚዜዎቹንም አንዱን ጎን ክፍት እንዲተዉላችሁ ለምኑ። ቪዲዮ ከሚቀርጸው ሰው ጋርም ጠዋት ሰላምታ ስትለዋወጡ ማን በየትኛው ጎን እንደሚቆም ተስማሙ። ሁለታችሁ ተጋፍታችሁ በየፎቶው የእሱ መብራት፣ በየቪዲዮው የእናንተ ጀርባ ቢወጣ የሚጎዱት ሙሽሮቹ ናቸው።

ብርሃኑን እንዳለ መቀበል

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኛው የጀማሪ ፎቶ የሚበላሸው እዚህ ነውና።

መጀመሪያ ነጩ ቬሎ። ካሜራ በራሱ ሲለካ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። ቬሎው ፍሬሙን ሲሞላው ብርሃን የበዛ ይመስለውና ያጨልመዋል። ቬሎው አመድ ይመስላል፤ ጠይም የሆነው የሙሽራዋ ፊት ደግሞ ጭራሽ ይጠቁራል። የብርሃን ማካካሻውን (ካሜራው የለካውን የምታበዙበትን ወይም የምትቀንሱበትን የ+/- ቅንብር) ከ0.7 እስከ 1 ወደ መደመር ከፍ አድርጉ፤ ልኩንም በፊቷ ቆዳ ፍረዱ። የቬሎው ጥልፍ ነጭ ብቻ ሆኖ እንዳይነድባችሁም በራው (RAW፣ ካሜራው ያየውን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጥበት ፋይል) አንሱ፤ ጄፔግ ላይ አንዴ የነደደ ነጭ አይመለስም። ሙሽራው በጥቁር ሱፍ ብቻውን ሲቆም ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ትንሽ ቀንሱለት።

ቀጥሎ ድንኳኑ። ፍላሽን ፊት ላይ በቀጥታ መተኮስ ፊትን እንደ መታወቂያ ፎቶ ያደርቀዋል ብለን ወደ ጣሪያ ማንጸባረቅ እንማራለን። ትክክል ነው፤ ጣሪያው ነጭ ከሆነ። አረንጓዴ ሸራ ድንኳን ውስጥ ግን የሚመለሰው ብርሃን አረንጓዴ ነው። አንድ ጊዜ አብራኝ የሠራች ጀማሪ የአጎቶችና የአክስቶች ጠረጴዛ በሙሉ የታመመ አስመስላ አመጣችው። ፍላሹን ብታጠፉትም ቀን ላይ ሸራው ራሱ ብርሃኑን ያቀልመዋል። እንዲህ ባለ ድንኳን ውስጥ ዋና ዋናዎቹን ሰዎች ወደ ድንኳኑ ጠርዝ፣ የቀን ብርሃን ወደሚገባበት ጎን አስጠጓቸው። ካልሆነ ፍላሹ ላይ ነጭ ወረቀት በላስቲክ አስራችሁ ወደ ፊት አዘንብሉት።

መናፈሻ ውስጥ ደግሞ የቀትር ፀሐይ አለ። በጥር የአዲስ አበባ ሰማይ ጥርት ያለ ነው፤ ከ5 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይዋ ከላይ ስለምትወርድ የዓይን ጉድጓድ ይጠቁራል፣ አፍንጫ ከንፈር ላይ ጥላ ይጥላል። የሆቴል ግቢም ሂዱ እንጦጦ ፓርክ፣ የሚፈለገው የዛፍ ጥላ ዳር ነው፤ ሙሽሮቹ ከጥላው ሳይወጡ ፊታቸውን ወደ ክፍቱ ሰማይ ያዙሩ። በቅጠል መሃል ፀሐይ ጠብ ጠብ የምትልበት ቦታ ግን ፊትን ዥንጉርጉር ያደርጋል። መርሐ ግብሩን የሚያወጣው ሰው ከሰማችሁ የፎቶውን ሰዓት ከ10 በኋላ አስደርጉት። በጥር 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ከዚያ በኋላ በኛ አገር ቶሎ ይጨልማል፣ አያስጠብቅም። ወደ መናፈሻው ከመሄዳችሁ በፊት ለሰርግ ፎቶ ፈቃድና ክፍያ ይጠይቁ እንደሆነ ደውላችሁ አጣሩ።

ማታ አዳራሽ ውስጥ ዋናው ችግር የብርሃን ማነስ ነው። ከካሜራ ጋር የሚመጣው 18-55 ሌንስ ሲጎላ ቀዳዳው ኤፍ/5.6 ላይ ይጠብባል (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። ርካሹ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ/1.8 ሌንስ ከዚያ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል፤ ተዋሱት ወይም ተከራዩት። እስክስታ ሲመታ ትከሻ በ1/60 ሰከንድ ሻተር (ብርሃን በሚገባበት ጊዜ) አይቆምላችሁም፤ 1/250 እና ከዚያ የፈጠነ አድርጉ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 3200 ድረስ ለማድረስ አትፍሩ። ከአይኤስኦ መብዛት ነጠብጣብ የወጣበት ፎቶ ይታያል፤ የተንቀጠቀጠ ፎቶ ግን ይጣላል። አንዳንድ አዳራሽ የኤልኢዲ መብራቱ በፎቶው ላይ አግድም መስመር ይሠራል። የኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ሻተሩን ወደ 1/100 ብትመልሱት መስመሩ ብዙውን ጊዜ ይጠፋል፤ ለጭፈራው ያን ጊዜ ፍላሽ ተጠቀሙ።

ቤተ ክርስቲያን ሳያስፈቅዱ መግባት

ተክሊል ከሆነ ከቅዳሴ ጋር ነውና በጠዋት ይጀመራል። ከሰርጉ በፊት ባለው ሳምንት ወደ ደብሩ ሄዳችሁ የት መቆም እንደሚፈቀድላችሁ፣ ፍላሽ ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ። ጫማ ማውለቅ፣ ነጠላ መልበስ፣ ወደ መቅደሱ አለመጠጋት ሳይነገር የሚታወቅ ነው። የሻተሩን ድምፅ የሚቀንስ ቅንብር ካለ አብሩት። ቀለበቱ፣ ቅብዐ ቅዱሱ፣ አክሊሉ እያንዳንዱ በጸሎት መካከል ይመጣል፤ መቼ እንደሚመጣ ዲያቆኑን ጠይቃችሁ አጥኑ። አክሊሉ ሲደፋ ካህኑ ከፊታችሁ ቢቆሙ አትዙሩ፤ ከቆማችሁበት የሚገኘውን አንሱ። ኒካህ ላይ ከሆነ ደግሞ በሴቶቹ በኩል ማን መነሳት እንደማይፈልግ አስቀድማችሁ ከቤተሰቡ እወቁ፤ በዚያ በኩል ሴት ፎቶ አንሺ ብትሆን ይመረጣል።

የዘመድ ፎቶውን ለዕድል መተው

ከሙሽሮቹ ጋር የሚነሱትን ዝርዝር ከሰርጉ በፊት ከሙሽራዋ እህትና ከሙሽራው ወንድም ጋር ጻፉ፦ አያቶች፣ የክርስትና አባትና እናት፣ የንስሐ አባት፣ ከክፍለ ሀገር የመጡ። ፎቶ አንሺ ዘመድ አይለይምና ሰዎቹን በስም የሚጠራ አንድ ሰው ከየወገኑ ይመደብላችሁ። ከትልቁ ጀምሩ፤ ሽማግሌ ቆሞ አይጠብቅም፣ ወንበር አስመጡ። «አንቺ፣ ወደዚህ ጠጋ በይ» እያላችሁ አትጩሁ፤ «እማማ፣ ትንሽ ጠጋ ቢሉልኝ» ስትሏቸው ፊታቸው ራሱ ይፈታል። ከእያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ አራት አንሱ፤ ሰው በበዛ ቁጥር ዓይኑን የሚጨፍን አይጠፋም።

አንድ ሚሞሪ፣ አንድ ባትሪ

ሦስት ሙሉ ባትሪ፤ ከአንድ ትልቅ ሚሞሪ ይልቅ ሁለት ሦስት መካከለኛ። የሞላውን ከባዶው ጋር አትቀላቅሉ፤ ኪስ ለይታችሁ አስቀምጡ። ቦታ አነሰኝ ብላችሁ እዚያው ካሜራው ላይ ፎቶ አታጥፉ፤ በጥድፊያ የሚጠፋው የሚፈለገው ነው። ማታ ቤት ስትደርሱ ምንም ያህል ቢደክማችሁ ሁለት ቦታ ሳትገለብጡ አትተኙ፤ ሙሽሮቹ ፎቶውን ተረክበው እስኪያረጋግጡ ድረስም ሚሞሪውን ፎርማት አታድርጉ።

ሰርጉ ማታ ያለቀ ይመስል ባትሪንም ጉልበትንም መጨረስ

መልስ አለ። የመጀመሪያው ቀን ሁሉም ሰው ተጨንቋል፤ መልስ ላይ ግን ሙሽራዋ ቬሎውን አውልቃ በሀበሻ ቀሚስና በካባ ትመጣለች፣ ድፎ ዳቦው ይቆረሳል፣ አባትየው እንደ አስተናጋጅ ከመሮጥ አርፈው ይቀመጣሉ። እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ ፊታቸው ግን ሌላ ነው። ከትናንቱ አምስት መቶ ፎቶ ይልቅ የመልሱ ሃምሳ ፎቶ የሚወደድበት ጊዜ ብዙ ነው። ትናንት ማታ ያልሞላ ባትሪ ይዛችሁ አትሂዱ።

ከዚያ ምረጡ። ሁለት ሺህ ፎቶ ማስረከብ ሥራውን ለሙሽሮቹ መተው ነው፤ ሦስት አራት መቶ ይበቃቸዋል። ሙሽሮቹ ሳያዩት አንዱንም ፌስቡክም ቴሌግራምም ላይ አታውጡ። ለወላጆቹ ጥቂት አሳትሙላቸው፤ ስልክ ላይ ያለውን እነሱ አያገኙትም።