የወንዝ ዳር ደረጃ መሬት፦ የጫካ ሎም አፈርን ቆፍሮ መለየት

ከወንዙ ከፍ ብሎ ጠፍጣፋ ሆኖ የተዘረጋ፣ ሾላና ዋንዛ የቆመበት መሬት ሲያዩ «ይሄማ ለም ነው» ለማለት ዓይን ይቸኩላል። ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ስህተቱ የሚመጣው የላዩን አንድ ስንዝር አይቶ የታቹን አንድ ሜትር ሳያዩ ሲፈርዱ ነው። ወንዝ ያመጣው አፈር ድርብርብ ነው። አንዱ ዓመት ደለል ይጥላል፣ ሌላው አሸዋ፣ ኃይለኛው ጎርፍ ደግሞ ኮረት። ጫካው ከላይ ሆኖ ሁሉንም በቅጠሉ ይሸፍነዋል።

«ደረጃ» ስንል በዘመቻ የሚሠራውን እርከን ማለታችን አይደለም። ወንዙ ራሱ የሠራውን ነው። ወንዝ መውረጃው ዝቅ ሲልበት አልጋውን ወደ ታች ይቆርጣል፤ ድሮ ይተኛበት የነበረው ሜዳ ከላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በባሕር ዳርቻ አገሮች ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የባሕሩ ከፍታ መለዋወጥ ነው። የወሎ ወንዞች ቦርከናና ሚሌ ግን የሚወርዱት ወደ አዋሽ ስለሆነ፣ የስምጥ ሸለቆው ወለል መውረድና የተራራው ከፍ ማለት ነው ወንዙን የሚያስቆፍረው።

መጀመሪያ ደረጃውን ቁጠሩ

ከወንዙ አልጋ ተነሥታችሁ ወደ ተራራው በቀጥታ ውጡ፤ ጠፍጣፋ ቦታ በደረሳችሁ ቁጥር አንድ በሉ። ክረምት በመጣ ጊዜ ውኃ የሚወጣበት የመጀመሪያው ደረጃ ገና አፈር አልሆነም፤ ትኩስ ደለልና አሸዋ ነው። ጎርፍ መድረስ የተወው ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው ሎም፣ ማለትም አሸዋ፣ ደለልና ሸክላ ተመጣጥነው የተቀላቀሉበት አፈር፣ በብዛት የሚገኘው፤ ዛፍ ለመቆም፣ ቅጠል ለመበስበስ፣ ትል ለመሥራት ጊዜ አግኝቷል። ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ ያረጀ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ወደ ቀይ ያደላል፤ ሸክላው ከላይ ታጥቦ ከታች ይከማቻል።

ሦስተኛውን ደረጃ ከተራራ ግርጌ ከወረደ አፈር ጋር ማምታታት የተለመደ ነው። መለያው ድንጋዩ ነው። ክብና ለስላሳ ከሆነ ወንዝ አንከባሎታል፤ ጠርዙ ስለት ከሆነ ከገደሉ የወረደ ነው።

ቀለምም ያሳስታል። የወሎ ተራሮች ባብዛኛው ባዛልት የሚባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆኑ የወንዞቹ አሸዋ ራሱ ጥቁር ነው። ጥቁር አፈር ያየ ሁሉ መረሬ (ከባድ ጥቁር ሸክላ) ነው ብሎ ከወሰነ፣ አሸዋማውን ሎም መረሬ እያለ ይኖራል። ጥርጣሬ ካለ በበጋ መሬቱን እዩት፤ መረሬ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ሎም ግን ቢሰነጠቅም ቀጭን ነው።

ጉድጓዱ

ምቹው ጊዜ ጥቅምትና ኅዳር ነው። አፈሩ እርጥበት አለው፣ ውኃው ግን ወርዷል። በሐምሌና በነሐሴ ጉድጓዱ ውኃ ይሞላል፣ ግድግዳውም ይናዳል። በግንቦት ደግሞ ዶማው ይነጥራል፣ ቀለሙም በደንብ አይለይም።

አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲም ይበቃል። አሸዋ ካጋጠማችሁ ከዚህ በላይ አትውረዱ፤ ግድግዳው ሳያስጠነቅቅ ይደረመሳል። ከትልቅ ዛፍ ጥላ ውጪ ቆፍሩ፣ ዋና ሥር እንዳይቆረጥ። ቦታው የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ደን ከሆነ አስቀድሞ ሽማግሌ ማስፈቀድ ነው። የላዩን ጥቁር አፈር በአንድ ጎን፣ የታቹን በሌላ ጎን ከምሩ። ፀሐይ የሚያርፍበትን ግድግዳ ለማየት ተዉት፤ በዚያ በኩል ማንም እንዳይረግጥ።

ግድግዳውን በቢላዋ ፋቁ፣ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች። ከታች የጀመረ ሰው የላዩ አፈር እየወረደበት የፋቀውን መልሶ ያበላሻል። ከዚያ ውኃ ርጩበት፤ ቀለም የሚነጻጸረው ሁሉም እኩል ሲረጥብ ነው።

ደኅና የጫካ ሎም እንዲህ ይታያል። ከላይ ያልበሰበሰና በከፊል የበሰበሰ ቅጠል፣ ጥቂት ሳንቲሜትር። ቀጥሎ ከ15 እስከ 30 ሳንቲሜትር የሚሆን ጠቆር ያለ፣ በእጅ ሲነኩት እንደ ፍርፍር የሚበተን፣ ቀጫጭን ሥር የሞላበት አፈር። ከዚያ ቡናማው፣ ጠንከር ያለ ቢሆንም ሥር የሚያልፍበት። ከሥሩ አሸዋ ወይም ክብ ኮረት። ከታች ደግሞ ጠቆር ያለ ሌላ ንጣፍ ብቅ ካለ አትደንግጡ፤ የድሮ መሬት ነው፣ ጎርፍ የቀበረው።

ግራጫ መሬት ላይ የዝገት ቀለም ያለው ነጠብጣብ ካያችሁ ከየትኛው ጥልቀት እንደሚጀምር በሜትር ለኩ። ውኃ በየክረምቱ እዚያ ድረስ ተኝቶ ይከርማል ማለት ነው። ከ50 ሳንቲሜትር ባነሰ ጥልቀት ከጀመረ አቮካዶ አትትከሉበት፤ ሥሩ ይበሰብሳል።

በእጅ መፈተሽ

ከእያንዳንዱ ንጣፍ አንድ እፍኝ ውሰዱ። ጠጠሩን ልቀሙ፣ ውኃ በጠብታ እየጨመራችሁ እንደ ዳቦ ሊጥ አሹት። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ማሸት አለባችሁ፤ ፈተናው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሸክላ በትንንሽ እንክብሎች ስለሚደበቅ በደንብ ያልታሸ አፈር አሸዋ ይመስላል።

ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየገፋችሁ ጥብጣብ አውጡ። ኳስ እየሆነ ጥብጣቡ 2.5 ሳንቲሜትር ሳይደርስ የሚቆረጥ ከሆነ ሎም ነው። ከ2.5 እስከ 5 ከሄደ ሸክላማ ሎም። ከ5 ካለፈ ሸክላ። ኳስ እንኳ ካልሆነ አሸዋ። ጆሮ አጠገብ ስታሹት የሚንኮሻኮሸው አሸዋው ነው፣ እንደ ጤፍ ዱቄት የሚለሰልሰው ደለሉ፣ ጣት ላይ የሚሙለጨለጨውና የሚጣበቀው ሸክላው።

በጠርሙስ መፈተሽ

እጅ ያልለመደ ሰው በዚህ ያረጋግጥ። አፈሩን አድርቁ፣ አድቅቁ፣ በወንፊት ንፉ። ጎኑ ቀጥ ያለ የብርጭቆ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛውን ሙሉ። የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡ ጎርባጣ፣ ጎኑም ሽንትር ስለሆነ ልኬቱን ያዛባል። ውኃ ጨምሩ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የልብስ ሳሙና ዱቄትም። የጫካ አፈር ብስባሹ እርስ በርስ አጣብቆ ስለሚይዘው ሌሊቱን ይዘፍዘፍ፤ ሳይዘፈዘፍ ከተናወጠ እንክብሉ ሳይፈርስ እንደ አሸዋ ታች ይቀመጣል። ጠዋት አሥር ደቂቃ ናጡትና ደልዳላ ቦታ ላይ አስቀምጡ።

በ1 ደቂቃ የተኛው አሸዋ ነው፤ ምልክት አድርጉ። በ2 ሰዓት ውስጥ የጨመረው ደለል። የቀረው ሸክላ ውኃው እስኪጠራ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይፈልጋል። ጠቅላላው 10 ሳንቲሜትር ሆኖ አሸዋው 4፣ ደለሉ 4፣ ሸክላው 2 ከሆነ፣ 40፣ 40፣ 20 በመቶ ማለት ነው፤ ጥርት ያለ ሎም። ሎም የሚባለው ሸክላው ከ7 እስከ 27፣ ደለሉ ከ28 እስከ 50፣ አሸዋው ከ52 በመቶ በታች ሲሆን ነው። በጠርሙስ ውስጥ ሸክላው እንዳበጠ ስለሚቀመጥ ትንሽ አብዝቶ ያሳያል። ውጤቱ ድንበር ላይ ከወደቀ የእጁን እመኑ።

ኮረቱ ስንት ላይ ነው?

ከሁሉም ጥያቄ ይህ ይበልጣል። ሎም አፈር በአንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ተክል ሊጠጣው የሚችል ከ150 እስከ 200 ሚሊሜትር ውኃ ይይዛል። ኮረቱ 40 ሳንቲሜትር ላይ ከመጣ ግን የሚቀረው ከ60 እስከ 80 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሰብል በደረቅ ቀን 5 ሚሊሜትር ያህል ይጠጣል፤ ግማሹ ሲያልቅ ደግሞ መጠማት ይጀምራል። ስለዚህ ዝናብ ከተቋረጠ ከ6 እስከ 8 ቀን ነው የሚታገሠው። ጥልቁ ግን ግማሽ ወር እና ከዚያም በላይ ይቆያል። በልግ እንደ ወሎ በሚቆራረጥበት አገር፣ ከላይ አንድ የሚመስሉ ሁለት ማሳዎች አንዱ አሽቶ ሌላው የሚከስለው በዚህ ነው።

የውኃ አወራረዱንም እዩ። ስፋቱ አንድ ስንዝር፣ ጥልቀቱ 30 ሳንቲሜትር የሆነ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ሙሉት፤ የመጀመሪያው ውኃ መሬቱን ለማጥገብ ነው፣ አይለካም። እንደገና ሙሉና በአንድ ሰዓት ስንት እንደወረደ ለኩ። ከ2.5 እስከ 7 ሳንቲሜትር ደኅና ነው። ከዚያ ካነሰ ከብት ረግጦታል ወይም ሸክላ ከሥር አለ። ውኃው ጥርግ ብሎ ከጠፋ አሸዋ ነው፣ ወይም የምስጥ መንገድ ላይ ቆፍራችኋል፤ ሁለት ሜትር ፈቀቅ ብላችሁ ድገሙት።

ከተመነጠረ ምን ይሆናል

ከጫካው ውስጥና አጠገቡ ካለው እርሻ የሽንብራ ፍሬ የሚያህል ደረቅ እንክብል ወስዳችሁ በሁለት ብርጭቆ ውኃ ውስጥ በቀስታ ጣሉ። የጫካው እንዳለ ይቀመጣል። ለዓመታት የታረሰው ሟሙቶ ውኃውን ያደፈርሳል። የጫካውን እንክብል የሚያጣብቀው የሥር ሙጫ፣ ሻጋታና የትል ሥራ ነው፤ ማረሻ አየር ሲያስገባበት ብስባሹ በፍጥነት ይነዳል፣ ሙጫውም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ዝናብ ሲመታው ላዩ ቅርፊት ይሠራል፣ ውኃው መግባት ትቶ መሮጥ ይጀምራል። ደለል የበዛበት ሎም ደግሞ ከሁሉም ቶሎ ይቦረቦራል፤ የደረጃው ጠርዝ ላይ የተጀመረ ቦይ በጥቂት ክረምት ገደል ይሆናል።

የግድ የሚታረስ ከሆነ የጠርዙ ዛፍ አይነካ፣ ቢያንስ 15 ሜትር። ምንጣሮውን አታቃጥሉ፤ አመዱ ለአንድ ሁለት ምርት ይጠቅማል፣ ቅጠሉ ግን ለዘለቄታው ይጠፋል። ቅጠል ለማገዶ መጥረግም እንደ ማቃጠል ቁጠሩት። አፈሩ ረጥቦ ሳለ ከብት አይግባ። ጠርዙ ላይ ባሕር ዛፍ መትከል ለገበያ ይመቻል፣ ሥሩ ግን ውኃውን ይሻማል፣ ከሥሩም ሣር ስለማይበዛ ጎርፉን የሚይዝ ነገር አይኖርም።

ማዳበሪያ ለመወሰን ወደ ላቦራቶሪ የምትልኩ ከሆነ፣ ከአንድ ደረጃ ብቻ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ ከላይ እስከ 20 ሳንቲሜትር ድረስ ውሰዱ። ሁለት ደረጃ አታቀላቅሉ፤ አማካዩ የማንንም አፈር አይገልጽም። ቅጠሉን ጥረጉ፣ በንጹሕ ባልዲ አዋሕዱ፣ ጥላ ላይ አድርቁ፣ አንድ ኪሎ ላኩ። የማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ የገባ ናሙና ውጤቱ የጆንያው ነው። ጉድጓዱን ስትመልሱ የታቹ አፈር ወደ ታች፣ ጥቁሩ ከላይ፣ በመጨረሻም የጠረጋችሁትን ቅጠል አልብሱት።