ዘፈኖቻችሁን በቅኝት፣ በቋንቋና በወቅት እንዴት ታደራጃላችሁ?

ስፖቲፋይም ሆነ ዩቲዩብ ሙዚክ በዘፈኑ ላይ የራሳችሁን መለያ እንድትጽፉ አይፈቅዱም። ፕሌይሊስት መሥራት ትችላላችሁ፤ ነገር ግን «ቅኝቱ (ዜማው የተሠራበት የድምፆች አሰላለፍ) ባቲ የሆነ፣ በኦሮምኛ የተዘፈነ፣ ለሰርግ የሚሆን» ብላችሁ በአንድ ጊዜ መጠየቅ አትችሉም። ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ጉዳቱ ይብሳል፤ የበገና መዝሙርም፣ የአዝማሪ ዘፈንም፣ በባንድ የተቀነባበረ የመሣሪያ ሙዚቃም ብዙ ጊዜ «ወርልድ» በሚል አንድ ዘውግ ሥር ይታጎራሉ። በዓቢይ ጾም መዝሙር እየሰሙ ሳለ በመሀል የሰርግ ዘፈን ጥልቅ ማለቱ ከዚህ የሚመጣ ነው።

መፍትሔው የገዛችሁትን ሙዚቃ በፋይል ይዛችሁ መለያውን በፋይሉ ውስጥ መጻፍ፣ ከዚያም በራሳችሁ ሰርቨር፣ ማለትም ፋይሎቹን ለሌሎች መሣሪያዎች በሚያቀብል ኮምፒውተር፣ ወደ ስልካችሁ ማሰራጨት ነው። በፋይሉ ውስጥ የተጻፈ መለያ ስልክ ቢቀየር፣ ኮምፒውተር ቢበላሽ፣ አገልግሎት ቢዘጋ ከዘፈኑ ጋር ይኖራል። ድካሙ የሚክሰውም ለዚህ ነው።

ዝግጅት

ከሲዲ የቀዳችሁትን፣ ከካሴት ያዛወራችሁትን፣ እንደ ባንድካምፕ ካሉ መሸጫዎች የገዛችሁትን ሁሉ ወደ አንድ አቃፊ ሰብስቡ። አንድ ቅጂ በውጫዊ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ይህን ሳታደርጉ አንድም ፋይል አትንኩ።

መለያ ለመጻፍ በዊንዶውስ ላይ ኤምፒ3ታግን፣ በሊኑክስና በማክ ላይ ኪድ3ን እመርጣለሁ፤ ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። ሙዚክብሬይንዝ ፒካርድ ዘፈኑን በድምፁ ለይቶ መረጃውን ራሱ ስለሚሞላ ብዙዎች ያመሰግኑታል። ለውጭ አገር አልበሞች ግሩም ነው። ለአማርኛ ስብስብ ግን ከጥቅሙ አደጋው ያመዝናል፤ በፊደል ያሳመራችሁትን የዘፋኝ ስም በላቲን ጽሑፍ ሊተካባችሁ ይችላል። እንጠቀምበት ካላችሁ እንኳን እንዳይነኩ የምትፈልጓቸውን መስኮች (እንደ ዘፋኝ፣ ርዕስና ዓመት ያሉ የመለያ ክፍሎችን) ለመዘርዘር የሚያስችለውን ማስተካከያ አስቀድማችሁ ሙሉ።

ፊደል በትክክል እንዲታይ በኤምፒ3ታግ ማስተካከያ ውስጥ አይዲ3 ከሚባለው የኤምፒ3 መለያ አጻጻፍ እትም 2.3ን በዩቲኤፍ 16 ወይም እትም 2.4ን በዩቲኤፍ 8 (የፊደል መመዝገቢያ ስልቶች ናቸው) ምረጡ። አሮጌው የመጀመሪያው እትም ለእያንዳንዱ መስክ ቢበዛ 30 ባይት ብቻ ያለውና ለላቲን ፊደል የተሠራ ነው፤ እንዲጠፋ እዘዙት። አንዳንድ የመኪና ማጫወቻዎች በስም ፋንታ የጥያቄ ምልክት የሚደረድሩት ይህን አሮጌ መለያ ሲያነቡ ነው።

ስሞችን አንድ ማድረግ

ለእኛ «ዓለማየሁ» እና «አለማየሁ» አንድ ሰው ናቸው። ለኮምፒውተር ሁለት ሰዎች ናቸው። ገሠሠና ገሰሰ፣ ማህሙድና ማሕሙድ፣ ፀሐይና ጸሀይ እንዲሁ። በስሙ መጨረሻ የቀረች አንዲት ባዶ ቦታ እንኳን አዲስ ዘፋኝ ትፈጥራለች። ስለዚህ የዘፋኞቻችሁን ስም በአንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ በመረጣችሁት አጻጻፍ ዘርዝሩ፤ የምትመርጡት የትኛውንም ይሁን፣ ዋናው አለመለዋወጡ ነው። ከዚያ በኋላ ስም በእጃችሁ አትጻፉ፤ ከዝርዝሩ እየቀዳችሁ ለጥፉ። ከየቻናሉ የመጡ ፋይሎች በዘፋኙ ስም ቦታ የቻናሉን አድራሻ ይዘው ስለሚመጡ እነዚህን አስቀድማችሁ አጽዱ።

ለመደርደሪያ የሚሆን ሌላ የስም መስክም አለ። በዚያ ውስጥ «ገሠሠ፣ ጥላሁን» የሚል ካገኛችሁ ወደ «ጥላሁን ገሠሠ» መልሱት። የአባት ስም የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም፤ ጥላሁንን በ«ገ» ሥር የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ የለም።

ዓመቱ

በሸክላና በካሴት ላይ የታተመው ዓመት ብዙውን ጊዜ የእኛ አቆጣጠር ሲሆን ፕሮግራሞቹ የሚጠብቁት የአውሮፓውያኑን ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለወጣ ሥራ 7፣ ከዚያ በኋላ ለወጣው 8 ጨምሩ። ወሩ ካልታወቀ 8 ጨምሩ፤ የዓመቱ ሰፊ ክፍል በዚያ በኩል ይውላልና። 1965 ዓ.ም. ወደ 1973 ይለወጣል ማለት ነው።

በድጋሚ የታተሙ ሥራዎችም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። አምሓ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋመው አምሓ ሪከርድስ ያሳተማቸው ብዙ ዘፈኖች ከዓመታት በኋላ በፈረንሳዩ ቡዳ ሙዚክ የኢትዮፒክስ ሲዲዎች ላይ ዳግም ወጥተዋል። ሲዲው የወጣበትን ዓመት ብቻ ከያዛችሁ የንጉሡ ዘመን ዘፈን ከኢሕአዴግ ዘመን ሥራዎች መሀል ይገባል። ለመጀመሪያው ኅትመት ዓመት የተለየ መስክ ስላለ በእሱ ተጠቀሙ።

የመለያዎቹ ዝርዝር

ጥቂት ይሁኑ። በዘውግ መስክ ላይ ዘፈን፣ መዝሙር፣ መንዙማ እና የመሣሪያ ሙዚቃ ይበቃሉ። ቋንቋው የራሱ መስክ አለው። ወቅቱን፣ ማለትም ሰርግ፣ ዓውደ ዓመት፣ ጾም የሚለውን፣ «ሙድ» በሚባለው መስክ እጽፋለሁ። ቅኝቱን ደግሞ «ግሩፒንግ» በሚባለው ውስጥ። «ቅኝት» የሚል አዲስ መስክ መፍጠርም ይቻላል፤ ነገር ግን ብዙ ማጫወቻዎች፣ የአፕል ሙዚክ ፕሮግራም ጭምር፣ የማያውቁትን መስክ አያሳዩም። «ደስ የሚል»፣ «ምርጥ»፣ «የማታ» የሚሉ መለያዎችን ግን ተዉአቸው፤ ስሜታችሁ ሲለወጥ መለያው ትርጉም ያጣል።

ለአንድ መስክ ሁለት ዋጋ ስትሰጡ በኤምፒ3ታግ መሀላቸው ሁለት ወደ ኋላ ያዘመሙ መስመሮች (\\) ይግቡ።

ቅኝቱን መለየት

ከሁሉም የሚከብደው፣ ከሁሉም የሚያስደስተውም ይህ ነው። በርዕስ ወይም በስሜት አትመሩ። ያዘነ ዘፈን ሁሉ ትዝታ አይደለም፤ ባቲም አምባሰልም ያሳዝናሉ። ክራር ወይም ትንሽ ኪቦርድ አጠገባችሁ አድርጉ፤ በስልክ ላይ የሚጫን ነጻ ኪቦርድም ይሆናል። ከዚህ በታች ግማሽ እርምጃ የምለው በኪቦርዱ ላይ ነጭም ሆነ ጥቁር ወደሚቀጥለው ቁልፍ መሄድን ነው፤ ሙሉ እርምጃ የዚህ እጥፍ ነው።

መጀመሪያ ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ ፈልጉ። የስንኙ መጨረሻ ላይ ዘፋኙ የሚያሳርፈው፣ ባንዱም ዘፈኑን ሲዘጋ የሚመለስበት ነው። ያንን ድምፅ «ዶ» በሉት። ቀጥሎ ከእሱ በላይ ያለውን የቅርብ ድምፅ አዳምጡ። ሙሉ እርምጃ የራቀ «ሬ» ካለ ትዝታ ነው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ከሆነ ሜጀር ትዝታ፣ «ሚ» እና «ላ» በግማሽ እርምጃ ከወረዱ ማይነር ትዝታ። «ሬ» ጭራሽ ከሌለና ዜማው ከዶ ወደ ሚ ከዘለለ ባቲ ነው፤ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ሜጀሩ ሲሆን «ሚ» እና «ሲ» በግማሽ እርምጃ ሲወርዱ ማይነሩ ይሆናል። ከዶ ቀጥሎ በግማሽ እርምጃ ብቻ የተጠጋ ድምፅ ካለ ደግሞ አምባሰል ወይም አንቺ ሆዬ ነው። ያን ጊዜ ሶልን መፈተን ነው፤ በቦታው ካለ አምባሰል፣ በግማሽ እርምጃ ከወረደ አንቺ ሆዬ።

ማረፊያውን አጥብቄ የምለው ምክንያት አለኝ። የአምባሰልን አምስት ድምፆች ዶ፣ የወረደ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ የወረደ ላ ብላችሁ ጻፉና ከፋ ጀምራችሁ ቁጠሯቸው፤ ማይነር ትዝታ ይሆናሉ። የሜጀር ትዝታን አምስት ድምፆች ከላ ጀምራችሁ ብትቆጥሩ ማይነር ባቲ ታገኛላችሁ። ድምፆቹ አልተለወጡም፣ የተለወጠው ማረፊያው ነው። አምስቱን ድምፆች ብቻ ለቅሞ ማረፊያውን ያልጠየቀ ሰው ስብስቡን ገና ከጅምሩ ያዛባል።

በመሀል ቅኝት ለሚቀይር ዘፈን ሁለቱንም ጻፉ። ከአራቱ ውጭ በሆነ ቅኝት ለተሠራ «ሌላ» በሉ። ባዶውን አትተዉ፤ ባዶ መስክ «ገና አልሰማሁትም» ማለት ብቻ ይሁን። ይህች ትንሽ ሕግ በኋላ ብዙ ታግዛችኋለች።

ወደ ስልክ

ሰርቨሩን ለመትከል ናቪድሮም የሚባለው ፕሮግራም ቀላልና ነጻ ነው፤ አሮጌ ላፕቶፕ ወይም ራስቤሪ ፓይ የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ይበቃዋል። አቃፊውን አሳዩት፣ ፋይሎቹን ፈትሾ እስኪጨርስ ጠብቁ። ሰብሶኒክ በሚባለው የሙዚቃ ሰርቨር መግባቢያ አሠራር ከሚግባቡ የስልክ መተግበሪያዎች አንዱን ጫኑ፤ ኢንተርኔት በማይኖርበት ቦታ ለመስማት ዘፈኖችን ወደ ስልኩ ማውረድ የሚችለውን ምረጡ። ናቪድሮም ከ0.55 እትም ወዲህ የራሳችሁን መስኮች በማስተካከያ ፋይሉ ላይ እንድትጨምሩ ይፈቅዳል። ያን ካደረጋችሁ የፋይሎቹን ሙሉ ፍተሻ እንደገና አስጀምሩ፤ አለበለዚያ የቀድሞዎቹ ፋይሎች መለያ አይታይም።

ከዚህ በኋላ ራሱን የሚሞላ ስማርት ፕሌይሊስት ሥሩ። የመጀመሪያው፣ ዘውጉ መዝሙር ያልሆነ ሁሉ፣ ለዘወትር። ሁለተኛው፣ ዘውጉ መዝሙር፣ ወቅቱ ጾም የሆነ፤ በገናዎቹ እዚህ ይሰበሰባሉ። ሦስተኛው፣ ወቅቱ ሰርግ የሆነ፣ በቋንቋ ተከፍሎ፤ የኦሮምኛው፣ የጉራግኛው፣ የትግርኛው ተራ በተራ ሲፈለግ አትቸገሩም። በመጨረሻም ቅኝቱ ባዶ የሆነውን ሁሉ የሚያመጣ አንድ ፕሌይሊስት ሥሩና በመንገድ ላይ እሱን አዳምጡ። ማረፊያውን የለያችሁለት ዘፈን፣ ቤት ገብታችሁ መለያውን ስትጽፉለት፣ ከዚያ ዝርዝር ራሱ ይወጣል።