ሳትፈልጉት የገባ ፕሮግራም ከኮምፒውተራችሁ ሲወጣ

ሰፈር ውስጥ «ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈ» ሲባል የምጠራው እኔ ነኝ። ብዙዎቹ ፎርማት አድርግልን ይሉኛል። እኔ ግን ፎርማት እንዲቀድም አልፈልግም፤ የልጆች ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሱቅ ሒሳብ አብሮ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ሳይታወቅ የገባውን ነቅሎ ማውጣት ይበቃል።

ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ምልክት ዲሊት ብታደርጉት ፕሮግራሙ አይጠፋም፤ ያ ሾርትከት፣ ማለትም ፕሮግራሙን የሚከፍት አቋራጭ ብቻ ነው። ዊንዶውስ ላይ ስታርት ውስጥ ኮንትሮል ፓናል ብላችሁ ፈልጉና ፕሮግራምስ ኤንድ ፊቸርስ ውስጥ ግቡ። ከዝርዝሩ አናት ላይ «ኢንስቶልድ ኦን» የሚለውን ስትጫኑ በቀን ይደረደራል።

ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው። ችግሩ መቼ እንደጀመረ ባለቤቱን ጠይቁ። አንዲት ጎረቤቴ «ከፋሲካ ወዲህ ነው» አለችኝ። ዝርዝሩን ሳየው በዚያው ሰሞን ልጇ ነፃ የቪዲዮ ማውረጃ ጭኗል፤ ከሥሩ በዚያው ቀን የገቡ ሌሎች አሉ፦ ኮምፒውተር አፈጥናለሁ የሚል፣ ተጨማሪ አንቲቫይረስ፣ ማንም የማያውቀው ብራውዘር። ልጁ «ኔክስት» እያለ ሲያልፍ ቀድመው ራይት የተደረጉትን ትንንሽ ሳጥኖች ማን ያያል? በአንድ ቀን የገቡትን አንድ ላይ አውጧቸው። አፕዴት የተደረገ ፕሮግራምም አዲስ ቀን ሊይዝ ስለሚችል ግን ስሙንና «ፐብሊሸር» (የሠራው ካምፓኒ) የሚለውን ሳታዩ አትንኩ።

የማይነኩም አሉ። ማይክሮሶፍት ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባለው 2010፣ 2013 እያለ ሲደጋገም ትርፍ ይመስላል፤ እያንዳንዱን የሚፈልግ ሌላ ፕሮግራም ሊኖር ይችላል። ኢንቴልና ሪያልቴክ የሚሉትንም ተዉአቸው፤ ድምፁ ጭጭ ሊል ይችላል። የአማርኛ መጻፊያውን ፓወር ግዕዝን አጥፍታችሁ ፎንቱ አብሮ ከሄደ፣ በድሮ ፎንት የተጻፈው ደብዳቤ ሁሉ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። የሒሳብ መያዣው ፒችትሪ ካለ ደግሞ ዳታው ፍላሽ ላይ ሳይገለበጥ ምንም አይነካ።

የሚወጣውን መርጣችሁ «አንኢንስቶል» ስትሉ የሚመጣውን መስኮት ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ብዙ ጊዜ ትልቁና ባለቀለሙ ቁልፍ «አቆየው» የሚለው ነው፤ «አጥፋው» የሚለው ጥግ ላይ ግራጫ ሆኖ ተደብቋል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓትም አትጀምሩ። መሐል ላይ ከጠፋ ፕሮግራሙ በግማሽ ሊቀርና በኋላ በሰላም ላይወጣ ይችላል። ሲጨርስ ሪስታርት አድርጉ።

አንቲቫይረስ አልወጣም ካለ፣ ብዙዎቹ ካምፓኒዎች የራሳቸውን ማስወገጃ በድረ ገጻቸው በነፃ ያስቀምጣሉ። ከሌላ ቦታ አታውርዱ፤ ሌላ ጣጣ ይዞ ይመጣል።

ሁሉም ወጥቶ አሁንም ከታች በቀኝ በኩል «ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተጠቅቷል» የሚል ማስታወቂያ ብቅ ካለ፣ ምናልባት ከክሮም ነው የሚመጣው። አንድ ድረ ገጽ ኖቲፊኬሽን ልላክ ሲል «አላው» ተብሎለታል። ክሮም ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኖቲፊኬሽንስ ገብታችሁ የማታውቁትን አድራሻ ሁሉ አስወግዱ። ኤክስቴንሽን (ክሮም ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) የሚለውንም በዚያው ፈትሹ።

በመጨረሻ ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ክፈቱ። ሌላ አንቲቫይረስ ሲገባ የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ ዲፌንደር ራሱን ያጠፋ ስለነበር፣ ያ ከወጣ በኋላ ተመልሶ መሥራት መጀመሩን አይታችሁ አረጋግጡ።