ዶሮን ማስታቀፍና ጫጩቶችን እስከ ስምንት ሳምንት ማድረስ

የአበሻ ዶሮ በአንድ ዙር የምትጥለው እንቁላል ጥቂት ቢሆንም፣ ታቅፎ በመፈልፈልና ጫጩት በማሳደግ ግን የሚተካከላት የለም። በየቤቱ የሚታየው ጉዳት የሚደርሰው በአብዛኛው ከተፈለፈሉ በኋላ ባሉት ስምንት ሳምንታት ነው፤ ስለዚህ ዶሮ ማስታቀፍ የሚፈልግ ሰው እንቁላሉን ከመምረጡ በፊት ጫጩቶቹን የት እንደሚያሳድር ማሰብ አለበት።

መታቀፍ የፈለገች ዶሮ ከጎጆዋ አልነሳም ትላለች፣ ላባዋን ትነፋለች፣ ሲጠጓትም ትቆጣለች። ሁለትና ሦስት ሌሊት በዚሁ ከጸናች አመሏ የታመነ ነው። እንቁላሎቹ መካከለኛ መጠን ያላቸው፣ ያልተሰነጠቁና አውራ ዶሮ ካለበት መንጋ የተገኙ መሆን ይገባቸዋል፤ ከሱቅ የሚገዛው የእርባታ ድርጅት እንቁላል ብዙውን ጊዜ አውራ ከሌለበት ቤት ስለሚመጣ ጫጩት አይወጣውም። የተሰበሰበውን እንቁላል ቀጭኑን ጫፍ ወደ ታች አድርጎ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ማስቀመጥና ከአንድ ሳምንት ብዙም ሳያሳልፉ ማስታቀፍ ይመረጣል። ቅርፊቱን ተሕዋስያን እንዳያልፉበት የሚጠብቅ ስስ ሽፋን ስላለው በውኃ መታጠብ የለበትም። እኔ በጀማሪነቴ ለአንዲት ትንሽ ዶሮ 16 እንቁላል አስታቅፌ፣ ክንፏ ሁሉንም መሸፈን ስላልቻለ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተበላሽተውብኛል፤ ከዚያ ወዲህ ከ10 እስከ 12 አልፌ አላውቅም።

ጎጆው ጨለም ባለና ሰው በማያበዛበት ጥግ ይዘጋጅ። እንቅብ ወይም የተሰበረ ጋን ውስጥ ከታች አመድ፣ ከላይ ደረቅ ጭድ ቢነጠፍበት በቂ ነው፤ አመዱ ቅማልና ቁንጫን ይቀንሳል። ዶሮዋን በእንቁላሎቹ ላይ ማስቀመጥ የሚሻለው ሲመሽ ነው። እህልና ውኃ በቅርቧ ከተገኘ በቀን አንድ ጊዜ ለአጭር ጊዜ ወርዳ ትመለሳለች፤ እንቁላሎቹንም ራሷ ስለምታገላብጥ የእኛን እጅ አትሻም።

በሰባተኛው ቀን ማታ እያንዳንዱን እንቁላል በባትሪ ብርሃን ፊት ይዞ ማየት ይጠቅማል። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀያይ ሥሮች የታዩበት ሕይወት አለው፤ ጥርት ብሎ የሚያበራው ግን ባዶ ስለሆነ ይነሣ። ከ18ኛው ቀን በኋላ ጎጆውን መነካካት አይገባም። ጫጩቶቹ በ21ኛው ቀን ገደማ ቅርፊቱን ይሰብራሉ፤ የዘገየውን እረዳለሁ ብሎ ቅርፊት መላጥ ደም እያፈሰሰ ይገድላልና ትዕግሥት ያስፈልጋል።

አዲስ ጫጩት ከአስኳሉ የቀረው ምግብ በሆዱ ስላለ በመጀመሪያው ቀን እህል ባያገኝ አይጎዳም። ከዚያ በኋላ የደቀቀ የበቆሎ ወይም የስንዴ ሽርክት ከተፈጨ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የቀረ ኑግ) ጋር ተቀላቅሎ ይሰጠው፤ ምስጥ ከተገኘም ለዕድገት የሚሆን ግሩም ምግብ ነው። ውኃው ጠፍጣፋ ሰሃን ላይ ይቅረብ፣ እንዳይሰምጡበትም ጠጠር ይደረግበት።

እናቲቱን ጫጩቶቿን አስከትላ ሜዳ ለሜዳ እንድትዞር መልቀቅ ግን ለጭልፊት፣ ለሸለምጥማጥና ለብርድ አሳልፎ መስጠት ነው። ቀን ቀን በሽቦ ወይም በቀርከሃ በተሠራ አጥር ውስጥ፣ ማታ ደግሞ በሚዘጋ ደረቅ ቤት ማቆየት የሚያስከፍለው ጥቂት ድካም ብቻ ነው። ሁለት ዶሮዎች በአንድ ሳምንት ከፈለፈሉ፣ የአንደኛዋን ጫጩቶች በሌሊት ወደ ሌላዋ ክንፍ ማዛወር ይቻላል፤ በዚህ መንገድ አንዷ ፈጥና ወደ መጣል ትመለሳለች።

ፈንግል የተባለው የዶሮ በሽታ መንጋውን በጥቂት ቀናት ይጨርሳል፤ መድኃኒት ስለሌለውም ዋናው መከላከያ ክትባት ነው። ለጫጩቶች በመጀመሪያው ሳምንት በዓይን ጠብታ፣ ከዚያም በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ይደገማል። አንድ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮዎች የሚበቃ በመሆኑና ከተበጠበጠ በኋላ ስለማይቆይ፣ ጎረቤት ተሰባስቦ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ በአንድ ቀን ቢጠራ ወጪውም ይቀንሳል፣ በሽታው ከግቢ ወደ ግቢ የሚሻገርበት መንገድም ይጠባል። የታመመች ዶሮ አትከተብ፤ ከሌሎቹ ትለይ። ከገበያ የመጣች አዲስ ዶሮም ለሁለት ሳምንት ያህል ለብቻዋ ሳትቆይ ከጫጩቶቹ ጋር አትቀላቀል።